በማዕዶት ዕለት በእንፋሎት ባቡር



በዓል አክባሪ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ። ጾሙ ከተፈታ፣ ዘመድ አዝማድ ከተጠየቀና ገበታው ከተነሣ በኋላ በማግሥቱ ልጆችን ይዞ ወዴት ይኬዳል? በአገር ቤት መልሱ ብዙም አያስቸግርም፤ የአያት ቤት አለ፤ የአክስት ቤት አለ፤ የክርስትና አባት ቤት አለ። በባሕር ማዶ ለሚኖረው ወገናችን ግን ነገሩ ይለያል። ዘመድ በየከተማው ተበትኗል። ልጆቹም ከቤት ከዋሉ ዐይናቸው ከቴሌቪዥንና ከእጅ ስልክ ላይ አይነሣም።

በእንግሊዝ አገር የምዕራባውያን ትንሣኤ ማግሥት የሆነው ሰኞ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ነው። የእኛ ትንሣኤና የእነርሱ በየዓመቱ አይገጥሙም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን፣ በ2017 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሁሉ፣ በአንድ እሑድ ይውላሉ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 13 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ማዕዶት ብላ በምትጠራው ሰኞ፣ በለንደን የምንኖር እኛ ባልና ሚስት ሁለት ልጆቻችንንና ከድሬዳዋ ለጥየቃ የመጡትን እናታችንን ይዘን ወደ ኬንት አውራጃ የባሕር ዳርቻ ወረድን። የሄድንበትም የሮምኒ፣ ሃይዝና ዲምቸርች ምድር ባቡር ይባላል።

ስለዚህ ባቡር በዛሬው የበዓል ገጽ ላይ ለአንባብያን ማውጋት የወደድነው መዝናኛነቱን ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ደፍረን የማንነጋገርበት ጉዳይ እዚያ ሐዲድ ላይ ስለ ገጠመን ጭምር ነው። በባሕር ማዶ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቤት ለሳምንታት ሰንብተው «ብላ»፣ «ጠጣ»፣ «ደኅና እደር» ከመባባል አያልፉም። የእኛም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሲሶ መጠን

ባቡሩ መጫወቻ አይደለም። ሁለቱ ሐዲዶች የተራራቁት 381 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከምናውቀው ጋር ለማስተያየት ያህል፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የቀድሞው ምድር ባቡራችን የሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መደበኛው ስፋት ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ሎኮሞቲቮች የትልልቆቹን መልክ ይዘው በሲሶ መጠን የተሠሩ ናቸው። ጎልማሳ ሰው በጎናቸው ሲቆም ራሱ ከጢስ መውጫቸው በላይ ይታያል። ነጂውም እንደ ትልቁ ባቡር ነጂ ቆሞ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ይነዳል።

መስመሩ ሃይዝ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነሥቶ፣ በዲምቸርችና በኒው ሮምኒ በኩል አልፎ፣ ደንጀነስ በሚባለው የባሕር ጥግ ያበቃል። ርዝመቱ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሃይዝ እስከ ኒው ሮምኒ ያለው ክፍል መሄጃና መመለሻው የተለየ ባለ ሁለት መስመር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በአንድ መስመር ይቀጥላል። የሚፈቀድለት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ፍጥነት በወረቀት ላይ ሲያዩት አነስተኛ ይመስላል፤ ከመሬት እምብዛም ከፍ ባላለች ጠባብ ፉርጎ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ለተቀመጠ ሰው ግን ምድሩ የሚበር ነው የሚመስለው።

አገሩ ሮምኒ ማርሽ ይባላል። ከባሕሩ እኩል የተዘረጋ፣ በውኃ ቦዮች የተከፋፈለ፣ በበጎቹ የታወቀ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እናታችን በመስኮቱ አሻግረው መንጋውን ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ይህ ሁሉ በግ ፋሲካን በሰላም ዋለ?» ሲሉ ተገርመው ጠየቁ።

የመኪና ተወዳዳሪዎቹ ሐሳብ

የዚህ ምድር ባቡር ታሪክ የሚጀምረው ከሁለት ባለጸጋ የመኪና ተወዳዳሪዎች ነው። አንደኛው ሻምበል ጆን ሃዊ፣ ሁለተኛው ካውንት ሉዊስ ዝቦሮቭስኪ ነበሩ። ሁለቱም የእንፋሎት ባቡር ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ነበሩና፣ እንደ ትልቁ ባቡር በሙሉ ደንብ የሚሠራ፣ መጠኑ ግን ያነሰ የራሳቸውን መስመር ለመዘርጋት ተስማሙ። ዝቦሮቭስኪ ኮልቼስተር በምትባለው ከተማ ለሚገኘው ለዴቪ ፓክስማን ፋብሪካ ሁለት ሎኮሞቲቮች አዘዘ። ሳይረከባቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1924 በኢጣሊያ አገር፣ በሞንዛ የመኪና ውድድር ላይ ተጋጭቶ ሞተ። ሃዊ የጓደኛውን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ሎኮሞቲቮቹን የነደፈውን መሐንዲስ ሄንሪ ግሪንሊን ይዞ፣ የሚዘረጋበትን ቦታ መፈለግ ቀጠለ። ቦታውም ሮምኒ ማርሽ ሆነ።

መስመሩ ገና ሥራው ሳይጠናቀቅ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1926፣ የዮርክ መስፍን የነበሩትና በኋላ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የተባሉት ልዑል መጥተው ከሁለቱ አንዱን ሎኮሞቲቭ በእጃቸው ነድተዋል። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1927 ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት እስከ ደንጀነስ ተቀጥሏል። ለረጅም ዓመታትም የዓለም ትንሹ የሕዝብ ምድር ባቡር በመባል ይታወቅ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያ የባሕር ዳርቻ ከጀርመን ወረራ ሥጋት ፊት ለፊት የነበረ በመሆኑ ባቡሩ በጦር ሠራዊቱ እጅ ገባ። «ሄርኩለስ» የተባለው ሎኮሞቲቭ የብረት ልብስ ለብሶ፣ መሣሪያ የተጠመደባቸውን ፉርጎዎች እየጎተተ የባሕሩን ጠረፍ ጠብቋል። ሰላም ሲሆን መስመሩ በ1946 ከፊሉ፣ በ1947 ደግሞ እስከ ደንጀነስ ያለው ተከፈተ። የዚህን የኋለኛውን ክፍል መከፈት ያበሠሩት በፊልም ዓለምን ያሳቁት ሎሬልና ሃርዲ ነበሩ።

ሃዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ካረፈ በኋላ መስመሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ ድልድዮቹ አረጁ፤ የጥገናው ወጪም ከገቢው በለጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊዘጋ በተቃረበበት ሰዓት በሰር ዊልያም ማክአልፓይን የሚመራ የባቡር ወዳጆች ቡድን ገዝቶ አዳነው። ከ1977 እስከ 2015 ድረስም ይህ «ትንሽ» ባቡር የአካባቢውን ተማሪዎች ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እየወሰደ፣ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው እየመለሰ አገልግሏል።

እሳት፣ ውኃና እንፋሎት

ሃይዝ ጣቢያ ደርሰን ቲኬት ከቈረጥን በኋላ ልጆቹ ወደ ፉርጎዎቹ ሮጡ። እናታችን ግን አልተከተሏቸውም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ሎኮሞቲቩ ቀረቡና ቆሙ። ከመንኮራኩሮቹ መካከል ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ትኩስ የሞተር ዘይትና የጥላሸት ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣

«ይህ የአባቴ ልብስ ሽታ ነው» አሉ።

አባታቸው በድሬዳዋ በምድር ባቡር እንደ ሠሩ እናውቅ ነበር፤ ምን እንደ ሠሩ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ከሎኮሞቲቩ ነጂ ኋላ ቆመው እሳቱን የሚያነድዱ ሰው ኖረዋል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ተመልሶ መጥቶ አያቱ ምን እንዳሉ በእንግሊዝኛ ጠየቀን። ነገርነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላቀደውም።

እናታችን ወደ ልጁ ዞር ብለው፣ «እስቲ የኔ ጌታ፣ ሰውየውን ጠይቅልኝ፤ እሳቱን በስንት ሰዓት ነው የሚለኩሱት?» አሉት። ልጁ እንደ ወትሮው ወደ እኛ ተመለከተ። እኛም ዝም አልን። ዝምታችን ሲረዝም ነጂውን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ነጂውም የመጀመሪያው ጉዞ ከመነሣቱ ብዙ ሰዓት አስቀድሞ በማለዳ እንደሚለኮስ፣ ብረቱ በድንገተኛ ሙቀት እንዳይጎዳ ቀስ እያለ መሞቅ እንዳለበት አስረዳ። አሁን ተራው የልጁ ነበረ። ቃል እየፈለገ፣ እየቆመ፣ «ጠዋት... በጣም ጠዋት... ከዚያ ጢሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ» አላቸው።

«ጢስ አይደለም ልጄ፤ እንፋሎት ነው። ጢስ ከእሳት ይወጣል፤ እንፋሎት ከውኃ» ብለው አረሙት።

የባቡሩ ትንሽነት ጥቅም የተገለጠልን እዚህ ላይ ነው። በትልቅ ሎኮሞቲቭ ፊት ሕፃን ልጅ የሚያየው የመንኮራኩሩን ግድግዳ ብቻ ነው። እዚህ ግን የእሳቱ በር ከደረቱ በታች ነው፤ የውኃውን ልክ የሚያሳየው መስተዋት በዐይኑ ትይዩ ነው፤ የፒስተኑ ዘንግ መንኮራኩሩን ሲገፋ ጎንበስ ሳይል ያያል። ስለዚህም አያቱ በጣታቸው ሲያመለክቱ እርሱ ይከተላቸው ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በምድጃው ውስጥ የድንጋይ ከሰል ይነድዳል። ትኩሱ አየር በውኃ በተከበቡ ብዙ ቱቦዎች ውስጥ አልፎ ወደ ጢስ መውጫው ይሄዳል፤ በመንገዱም ውኃውን ያፈላዋል። አንድ ሊትር ውኃ በተራ የአየር ግፊት ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ ከ1,600 ሊትር የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ግን ይህን ቦታ ስለማያገኝ ይታመቃል። ነጂው መክፈቻውን ሲስብ የታመቀው እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ ዘንጉን፣ ዘንጉ መንኮራኩሩን። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ደግሞ በከንቱ አይጣልም፤ በጢስ መውጫው በኩል ሲፈናጠር የምድጃውን ጢስ አብሮ ጎትቶ ያወጣል፤ በዚህም ምክንያት አዲስ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል። «ችፍ፣ ችፍ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ሸክሙ ሲከብድበት አተነፋፈሱ ይበረታል፤ አተነፋፈሱ ሲበረታም እሳቱ ይበልጥ ይንቀለቀላል።

እናታችን ይህን ሁሉ በሁለት ዕቃ አስረዱት፤ በጀበናና በወናፍ። ጀበናው ሲፈላ በአፉ የሚወጣውን እንዲያስታውስ፣ አፉ ቢደፈን ምን እንደሚሆን እንዲያስብ ነገሩት። ስለ ወናፍ ግን እጃቸውን እያጠፉና እየዘረጉ ማሳየት ነበረባቸው፤ ልጁ ወናፍ አይቶ አያውቅምና። «አባቴ ከእሳቱ ይልቅ ውኃውን ነበር የሚፈራው» ሲሉም አከሉ። እውነታቸውን ነው። በምድጃው ጣሪያ ላይ ያለው ውኃ ካነሰ ብረቱ ግሎ ይልማል፤ ጋኑም ሊፈነዳ ይችላል። ልጁ ይህን ለነጂው ሲተረጉምለት ሰውየው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እናታችንን እጅ ነሣ።

«ባቡር» የሚለው ቃላችን ራሱ የዚህ የእንፋሎት ልጅ ነው። እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ፣ በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ዞሮ ወደ እኛ የደረሰ ነው። አባቶቻችን በሞተር የሚንቀሳቀሰውን ብዙውን ነገር ባቡር ይሉት ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባሉት አርመናዊ ያስመጡት፣ በሐዲድ ሳይሆን በተራ መንገድ ላይ የሚሄደው የእንፋሎት መኪናም እስከ ዛሬ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ይታወሳል። በጉዞው መካከል ይህን ለልጃችን ስንነግረው፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም «እንፋሎት» እየተባለ የሚጠራ መሆኑ በጣም አሳቀው።

እስከ ሐዲዱ ጫፍ

ደንጀነስ ከሌላው የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ አይመሳሰልም። ሣር የሌለበት፣ ዛፍ የማይታይበት፣ እስከ ባሕሩ ጠጠር ብቻ የተነጠፈበት ሰፊ ሜዳ ነው። በዚያ ላይ ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ሥራ የጀመረው አሮጌ የመርከብ መብራት ማማና በ1961 የተተካው አዲሱ ማማ ቆመዋል። ከኋላቸው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ኤሌክትሪክ ያላመነጨው የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ይታያል። ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ሎኮሞቲቩን ፈትቶ ማዞር አያስፈልገውም፤ ሐዲዱ ራሱ በሰፊው ዞሮ ወደ መጣበት ይመልሰዋል።

ነፋሱን ከለል ባለ ቦታ ተቀምጠን ያመጣነውን ድፎ ዳቦና አይብ አወጣን። ከቤት በሙቀት መያዣ ዕቃ የያዝነው ቡናም ነበረ። የአምስት ዓመቷ ልጃችን ከአያቷ እጅ ጉርሻ እየተቀበለች፣ «ያንቺ አባት ባቡሩን ወዴት ነበር የሚወስደው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው በአማርኛ ነበረ። «ያንቺ» ማለቷን እርማት የሰጣት አልነበረም፤ አክብሮቱ በጊዜው ይመጣል።

እናታችንም አወጉ። አባታቸው ወደ አዋሽ ሲሄዱ፣ ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። ቤታቸው ከዚራ ስለ ነበረ ባቡሩ ሲቃረብ ፉጨቱ ይሰማል። «እናቴ ፉጨቱን ስትሰማ ጀበናውን ትጥድ ነበር» አሉ። «አባቴ ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ እስኪገባ ቡናው ይደርሳል። ፉጨቱ በሰዓቱ ያልተሰማ ቀን ግን እናቴ ከደጅ አትነሣም።» ቀጥሎ በናፍጣ የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች መጡ። እሳት ማንደድ ቀረ። አባታቸው ከሥራ ባይሰናበቱም ዕቃ ቤት እንዲሠሩ ተዛወሩ። «ደመወዙ አልቀነሰም፤ ልብሱም ንጹሕ ሆነ። ግን ማታ ማታ ስለ ሥራው ማውራት ተወ» ብለው ዝም አሉ።

ይህን ታሪክ በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ሰምተነው አናውቅም። ልጃችን ግን ከሁላችን በፊት ጥያቄ አስከተለ። «አሁን ቢኖሩ እዚህ ሥራ ያገኙ ነበር?» አለ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። እናታችን ወደ ሎኮሞቲቩ ተመለከቱና፣ «እንዴታ! ማን እንደሱ እሳት ያውቃል?» ሲሉ መለሱለት።

ከሰሉ ከየት ይምጣ?

የልጁ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የእንፋሎት ባቡሮችን የሚያሳስበው ዋናው ነገር ዕውቀቱና ማገዶው ነው። የኢንዱስትሪ አብዮት በድንጋይ ከሰል የተነሣበት ይህ አገር እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 የመጨረሻውን የከሰል ኤሌክትሪክ ጣቢያ ዘግቷል። በዌልስ የነበረው ትልቁ የፎስ ኢ ቭራን የከሰል ማውጫም በ2023 መገባደጃ ሥራውን አቁሟል። ለአየሩ የሚበጅ ውሳኔ መሆኑን የሚክድ የለም። ታሪካዊዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ግን ከሰላቸውን ከሩቅ አገር በውድ ዋጋ ለማስመጣት ተገደዋል። አንዳንዶቹ የከሰል ዱቄት ከዕፅዋት ተረፈ ምርት ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ምትክ ማገዶ እየሞከሩ ነው።

ዕውቀቱም እንደዚሁ ነው። እሳት ማንደድ ከመጽሐፍ አይገኝም። ከሰሉ የት ላይ መበተን እንዳለበት፣ ሽቅብ ከመወጣቱ በፊት ውኃው መቼ መጨመር እንዳለበት፣ የጢሱ ቀለም ምን እንደሚናገር የሚያስተምረው ከጎን የሚቆም ሰው ነው። በሮምኒ መስመር ከደመወዝተኞቹ ሠራተኞች ጋር ብዙ በጎ ፈቃደኞች በነጻ ያገለግላሉ። በጣቢያው ላይ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ናስ ሲወለውል፣ በአጠገቡ ደግሞ አንድ ወጣት ዘይት ሲያጠጣ አይተናል።

ከመስመሩ ሎኮሞቲቮች አንዷ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመን የተሠራችውና «ሳንካ» ወይም «ትኋን» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ስም የያዘችው ትንሿ ሎኮሞቲቭ ለመስመሩ ግንባታ ካገለገለች በኋላ ተሸጣ ወጣች። እስከ ሰሜን አየርላንድ ተሻግራ በመጨረሻ ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ተጣለች። በ1970ዎቹ ከወደቀችበት ተፈልጋ ተገኝታ ወደ ሮምኒ ተመለሰች፤ ታደሰችና እንደገና እሳት ተለኰሰባት። ፈላጊ ባታገኝ ኖሮ ቀልጣ ትቀር ነበር።

የእኛው ምድር ባቡር

የአገራችን ምድር ባቡር ታሪክ ከዚህ ከትንሹ ይረዝማል። ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዪቱም በእርሱ ምክንያት ተቈረቈረች። በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በረሃውን አቋርጦ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ደጋ ለሚወጣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እሳትና ውኃ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቁ መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ናፍጣው እንፋሎቱን ተካ። በጥቅምት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ - ጅቡቲ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው። የእንፋሎቱን ዘመን በእጃቸው የሠሩት ግን አልፈዋል፤ ቀርበው ያዩዋቸው ልጆቻቸውም ዛሬ አረጋውያን ናቸው።

እናታችን ወደ ድሬዳዋ ከተመለሱ በኋላ ልጃችን እሑድ እሑድ በስልክ ይደውልላቸዋል። ቀድሞ ስልኩን ስናቀብለው «ሰላም» ብሎ ይመልስልን ነበር። አሁን ግን ጥያቄ ጽፎ ይጠብቃል። ፍምና ረመጥ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጥላሸትና አመድስ? ሐዲዱ ሲግል ምን ይሆናል? መልሱን እርሳቸው በአማርኛ ይነግሩታል፤ እርሱም ባልገባው ቦታ ያቋርጣቸዋል። አማርኛው ገና ብዙ ይቀረዋል። ቢሆንም ሊጠይቀው የሚፈልገው ነገር ስላለው ይናገረዋል። «አማርኛ ተናገር» እያልን ስንመክር የኖርንበት ዓመት ያላመጣውን የአንድ ቀን ጉዞ ማምጣቱን እኛም ልብ ብለናል።

በእንግሊዝ አገር ለምትኖሩ አንባብያን ይህን እንጠቁማለን። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ወደ ፎክስቶን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ ሃይዝ በአውቶቡስ ቅርብ ናት። ባቡሩ በየቀኑ የማይሠራባቸው ወራት ስላሉ አስቀድሞ የጉዞ ሰሌዳውን መመልከት ይገባል። ደንጀነስ ነፋሻ ነውና ለአረጋውያን ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ አይርሳ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ውኃ ሲሞላና ሲዞር ለማየት ጊዜ ተርፎ ቀደም ብሎ መድረስ ይጠቅማል፤ ልጆች የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው።

በአገር ቤት ለምትገኙም የሚቀርላችሁ ነገር የለም። በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በሞጆ፣ በለገሃር አካባቢ ወላጆቻቸው ወይም ራሳቸው በምድር ባቡር ያገለገሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየቤቱ አሉ። የሸማኔው፣ የአንጥረኛው፣ የፖስተኛው፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛው ልጆችም እንዲሁ። በዓሉ ሁሉንም በአንድ ገበታ ዙሪያ ሰብስቧል። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ አንድ ልጅ «አባትዎ ሥራቸው ምን ነበር? እንዴትስ ይሠሩት ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ ዕድል ስጡት። መልሱንም ወላጆች ለመተርጐም አትቸኩሉ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።